ጅቡቲ ወደብ ብቻ አይደለችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጅቡቲ በጻፋችሁ ቁጥር የማነበው ስለ ኮንቴይነርና ስለ ወደብ ኪራይ ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ጭነት እስኪደርሰኝ ከተማዋን እዝናናባታለሁ።

ፀሐይዋ በረድ ስትል ሕዝቡ ቤተሰቡን ይዞ ሲዬስታ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ይወጣል። ውኃው ሲሸሽ ሰፊ ሜዳ ይገለጣል፤ ልጆች እዚያው ኳስ ይራገጣሉ። ራት ደግሞ የየመኖች ዓሣ ነው። ሰንጥቀው ይዘረጉትና ቀይ ቅመም ቀብተው በጋለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይከቱታል። ጠርዙ አረር ብሎ፣ ውስጡ ለስልሶ ሲወጣ ከትኩስ ቂጣ ጋር በእጅ ይበላል። ረዳቴ የመንዝ ሰው ነው፤ «ዓሣ የጾም ነው የፍስክ?» እያለ ሲከራከር ድርሻውን ጨረስንበት። ቀን ያለው ሰው በጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት መሻገር ይችላል።

ወሩን ግን ምረጡ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የደጋ ሰው አይችለውም። ደጉ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ነባሪ የሚያክለው ሻርክ የሚታየውም ያኔ ነው።

እግረ መንገዴን ለከተማችን ሹማምንት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በበሬሳ ወንዝ ዳር ሰው ሲመሽ ያለ ክፍያ አረፍ የሚልበት ቦታ ቢሰናዳልን ምን አለበት? ብርዱ አያስቀምጥም የሚሉኝ አሉ። ጋቢ ታዲያ ለምን ተሠራ?

አክባሪያችሁ፣
አንድ ሹፌር፣ ከደብረ ብርሃን