ጥሬ ወተት መሸጥ ስላቆምንበት ምክንያት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በየዕቃችሁ እየቀዳን እንሸጥላችሁ የነበረውን ጥሬ ወተት አቁመን በግማሽ ሊትር ላስቲክ የታሸገ ፓስቸራይዝድ (በሽታ አምጪ ጀርሞች እንዲሞቱ የሞቀ) ወተት ብቻ ማቅረብ ከጀመርን ወዲህ፣ ብዙዎቻችሁ ቅር እንደተሰኛችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ወደ ሌላ ሻጭ እንደሄዳችሁ እናውቃለን። ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። «ለትርፍ ብላችሁ ነው» መባላችን ግን ስላሳዘነን ነገሩን በዝርዝር ለማስረዳት ወደድን።

ይህን ሥራ ከወላጆቼ ተረክቤ ስሠራ፣ አንድ ቤተሰብ የሚገዛውን የወተት መጠን የሚወስነው ዋጋ ብቻ እንዳልሆነ አይቻለሁ። ኑሮ ሲከብድ ከአስቤዛው ቀድሞ ከሚቀነሰው አንዱ ወተት ነው፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ግን ሌላው ተቀንሶም ቢሆን ወተቱ ይገዛል። ማቀዝቀዣ የሌለው የዕለቱን ብቻ ይወስዳል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ የወተትን ስኳር የመፍጨት አቅማቸው ከልጅነት በኋላ ስለሚቀንስ፣ ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው እርጎውን ይመርጣሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን እምነት ነው፤ ልጄ በወተት ታመመብኝ ብሎ የጠረጠረ ወላጅ ዋጋው ቢረክስም አይመለስም።

ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከእንስሳት የሚመጣ የትኩሳት በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል። አብዛኞቻችሁ አፍልታችሁ እንደምትጠጡ እናውቃለን፤ ሆኖም በየቤቱ ገብተን ማረጋገጥ ስለማንችል ኃላፊነቱን ራሳችን ወሰድን። አሁን ወተቱን በ63 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ30 ደቂቃ አቆይተን ወዲያው እናቀዘቅዘዋለን። ቅባቱ አልተነሳለትም፤ «ቀጠነ» ለምትሉንም ውኃ አልጨመርንበትም። ወተት ከጡት ሲወጣም ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውኃ ስለሆነ የእኛን ጭማሪ አይሻም።

ዋጋው መጨመሩ እውነት ነው። መኖው፣ ነዳጁ፣ ማሸጊያው፣ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው የሚፈጀው መብራት ሁሉ ወጪ አለው፤ ከዚህም ከፊሉን ከትርፋችን ቀንሰን ችለነዋል። ግማሽ ሊትር የመረጥነው ጥቂት ሰው ያለበትና የዕለት ገቢ ያለው ቤት ሳይተርፈውና ሳይበላሽበት እንዲገዛ ብለን ነው። ልጆች ለሚበዙበት ቤት ላስቲኩ እንደሚበዛ ስለነገራችሁን የአንድ ሊትር እሽግም እንጀምራለን።

ወተታችንን ጠጥተው አድገው ዛሬ ለልጆቻቸው የሚገዙልን ደንበኞች አሉን፤ እነርሱን ማጣት ከኪሳራ በላይ ያመናል። ስለዚህ የሄዳችሁም አንድ ጊዜ ቀምሳችሁ እንድትፈርዱ እንለምናለን። የአገልግሎት ጊዜው ሳያልፍ የተበላሸ እሽግ ካጋጠማችሁ ላስቲኩን ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ ያለ ክርክር እንለውጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት