ዶሮዋን ማን በለተ?

ይድረስ ለውዷ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? እናትሽን ሰሞኑን ሰኞ ገበያ አገኘኋቸው፤ ሁለታችንንም አንድ ላይ ወቀሱን። ማን ቀድማ ዝም እንዳለች ብንቆጥር አንጨርሰውም፤ እኔው ልጀምር። አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ደኅና ነኝ።

ቢሾፍቱ የዶሮ እርባታ ውስጥ ሐኪም ሆነሽ ገባሽ ሲሉኝ ሳቅሁ፤ ዶሮ ሲታረድ ፊትሽን የምታዞሪው አንቺ! እኔ ደግሞ ከተኝቶ ታካሚ ክፍል ወጥቼ በሽታ ቅኝት ላይ ተመድቤያለሁ። የወፍ ጉንፋን ላይ ሥራችን ተገናኘ ማለት ነው።

በ1998 ዓ.ም. ወሬው ሲናፈስ ዶሮ ይዞ ገበያ የወጣው ይዞ ሲመለስ ትዝ ይልሻል? እኛ ጋ ባይሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ጅቡቲ ውስጥ አንዲት ሕፃን ላይ ተገኝቷል። ከኮምቦልቻ በሚሌ የሚወርደው ከባድ መኪና ደግሞ መድረሻው ወዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

እዚህ ዶሮ ከሞተ ፈንግል ነው፣ አለቀ። በዓይን ብቻ ፈንግልንና የወፍ ጉንፋንን መለየት እንደማይቻል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔን የሚያስቸግረኝ ሰው መጠየቁ ነው። ቅጹ «ከታመመ ዶሮ ጋር ንክኪ ነበረዎት?» ይላል፤ መልሱ ሁሌም «ኧረ የለም» ነው። እኔ ቅጹን አጥፌ «የበዓሏን ዶሮ ማን በለተ?» እላለሁ። ያን ጊዜ ወሬው ይመጣል፤ ዶሮዋ ጭልጥ ጭልጥ ስትል ሳትሞት ተደረሰባት፣ ባልየው ባረከ፣ ሙቅ ውኃው፣ ላባው፣ አንጀቱ ግን የሴቶቹ እጅ ነው፣ ልጆቹም ቆጡ ሥር ይተኛሉ። ወጡማ ምን በወጣው! ቫይረሱ 70 ዲግሪ አይችልም፤ ያ ሁሉ ሰዓት የተንተከተከ ዶሮ ወጥ ማንንም አይጎዳም። አደጋው ድስቱ ጋ ሳይደርስ ነው።

ቀን ብትጠይቂ የሚያስታውስ የለም፤ «ከገበያው በፊት ነው በኋላ?» ብትዪ ግን ይነግሩሻል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ስለሚጀምር፣ አንዳንዴም ስለሚዘገይ፣ ያቺ ገበያ ለእኛ ትልቅ ነገር ናት። የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ የወፍ ጉንፋኑ ቫይረስ ኤች5ኤን1 ከላይኛው የመተንፈሻ አካል ይልቅ ሳንባ ስለሚወድ ናሙናው ከአፍንጫ ብቻ ሳይሆን ከጉሮሮም ይወሰዳል፣ የጉንፋን ቫይረስ መድኃኒቱ ኦሴልታሚቪር የምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ ይጀመራል፣ አስታማሚዎቹን 10 ቀን ሙቀት እየለካን እንከታተላለን።

የሚያጣላኝ መቆጣጠሩ ላይ ያለው ነው። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1997 18 ሰው ተይዞ 6ቱ ሲሞቱ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ዶሮ አስወገዱ፤ ወረርሽኙም ቆመ። ስብሰባ ላይ ሁሉም ይህን ይጠቅሳል። የኛዋ ሴትዮ ግን ያሏት አምስት ዶሮዎች ናቸው፤ የልጇ ደብተርና የቤቷ ጨው ከእነሱ ነው የሚወጣው። ካሳው እጇ ካልገባ ለማንም አትናገርም፤ ገና ያልሞቱትን ጎሕ ሳይቀድ አስራ፣ በሚኒባስ ጭና ደሴ ታመጣቸዋለች። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርጋለሁ። ስለ ካሳ ሳነሳ አጀንዳው ይዘለላል። እስኪ በየት በኩል ነው የምንደርስበት?

አሁን ልለምንሽ። እርባታችሁ ውስጥ የሞተ ዶሮ በየቀኑ ይቆጠራል፤ ዓይኑ ቀልቶ ወይም ጉንፋን ይዞት ከሥራ የቀረ ሠራተኛስ? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተያዙት የላምና የዶሮ እርባታ ሠራተኞች የብዙዎቹ ምልክት የዓይን መቅላት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮ ጤና ጣቢያ አይሄድም። ማን እንደሚመዘግበው፣ ጫማና ቱታ እዚያው ጥለው ይውጡ ወይስ ቤት ይዘው ይሂዱ፣ ጠይቀሽ ጻፊልኝ። እዚህ ኮምቦልቻ አካባቢ ላሉት ትናንሽ አርቢዎች የሚሆን ነገር ላዘጋጅ አስቤ ነው፤ ያላየሁትን መጻፍ አልፈለግሁም።

ስልኬን እናትሽ ጋ ትቻለሁ። ለገና ትመጫለሽ ብለውኛል፤ መልሱን ግን እስከዚያ አታቆዪው።

እህትሽ፣
ከደሴ