ግልጽ ደብዳቤ፦ አባቴ የታሰሩበት ወንጀል ስሙ ማን ይባላል?

ይድረስ ጎንደር ከተማ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ፣

ጣቢያውን በስም አልጠራም። እርስዎ ያውቁታል፤ እኔም ከጥቅምት ጀምሮ ደጁን ስጠና ከርሜያለሁ። ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የመጀመሪያው ጠፋ ተባለ። ሁለተኛው "እየታየ ነው"። ሦስተኛውን የተቀበለችኝ ልጅ ገልጣ እንኳን ሳታየው "እህቴ፣ አባትሽ ወጡ አይደል? ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። የምፈልገውን እዚህ ልጻፈው እንግዲህ። ይሄኛው እንኳን አይጠፋም።

ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ከአንድ ልጅ ጋር ተደባደበ ተባለ። ተደባድቦ ይሆናል፣ እኔ ጠበቃው አይደለሁም። በማግስቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ፤ በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ይወርዳል። አርብ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የእርስዎ ልጆች በራችንን አንኳኩ። ሦስት ነበሩ። አባቴ ለእራት እጃቸውን እየታጠቡ ነው። ስማቸውን ጠየቁ፣ መታወቂያቸውን አዩ፣ "ልጅህ የት አለ?" አሉ። "መተማ።" "እንግዲያው አንተ ትሄዳለህ። ልጅህ ሲመጣ ትወጣለህ።" አለቀ። የአባቴ እጅ ገና አልደረቀም ነበር።

ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በሰፈራችን አንቱ የማይላቸው ሰው የለም፤ ሰካራሙ ጎረቤታችን እንኳን ሲሳደብ "እርስዎ" ብሎ ነው የሚሳደበው።

ሕጉን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፤ ተምረውበታል፣ ደመወዝም የሚበሉበት ነው። እኔ ግን እነዚያን ሦስት ሌሊቶች እንቅልፍ ስላልነበረኝ ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 56 በትዕዛዝ የሚይዝ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያዘውን ሰው ማንነት ያረጋግጣል፣ ከዚያ ትዕዛዙን ያነብለታል ይላል። የእርስዎ ልጆች የመጀመሪያውን አሟልተዋል። ማንነታቸውን በደንብ አረጋግጠው፣ የሚፈለገው ልጅ አለመሆናቸውን አውቀው ወሰዷቸው። የሚነበብ ትዕዛዝ ግን አልነበረም። ያለ ትዕዛዝ መያዝም ይቻላል፣ አውቃለሁ። እጅ ከፍንጅ ሲሆን፣ ወይም ሰውየው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያሳስር ወንጀል በበቂ ሲጠረጠር። አባቴ እጅ ከፍንጅ የተያዙት ውሃና ሳሙና ይዘው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ በምሳ ዕቃ ይዤ መጣሁ። በር ላይ ያለው ፖሊስ "ቅመሺው" አለኝ፣ ቀመስኩለት። ከዚያ ተረኛውን "አባቴ ምን አጥፍተው ነው?" አልኩት። ስልኩን እየነካካ "እሳቸው ምንም አላጠፉም፣ ልጁ ነው" አለኝ። እስኪ ይሄን ቃል ደግመው ያንብቡት። የጣቢያዎ ሰው ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 23 ወንጀል የሚባለው ሕጋዊው፣ ግዙፋዊውና ሞራላዊው ፍሬ ነገር አንድ ላይ ተሟልተው ሲገኙ ነው ይላል። በእኔ አማርኛ፦ ሕግ የከለከለው ነገር መኖር አለበት፣ ሰውየው እሱን ማድረግ አለበት፣ ያደረገውም አስቦ ወይም ሕጉ በሚቀጣው ቸልተኝነት መሆን አለበት። አባት መሆንን የከለከለው የትኛው አንቀጽ ነው? ያደረጉትስ? እጅ መታጠብ? ሐሳቡ ደግሞ እራት መብላት ነበር። "ልጁን ደብቀውት እንደሆነስ?" ሊሉኝ ይችላሉ፣ መርማሪዎም ሞክሯታል። የት እንዳለ ሲጠየቁ ወዲያው መተማ ብለው የተናገሩ ሰውዬ ምኑን ደበቁት?

ድሮ አውጫጭኝ የሚባል ነገር ነበር ይላሉ። ሌባው ካልታወቀ አገሬው በሙሉ ይሰበሰብና ሌባው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። እኔ የቀረ መስሎኝ ነበር። ያም ቢሆን መንደሩን ሁሉ ነበር የሚሰበስበው፣ አንድ ሽማግሌ ለይቶ አይደለም። ይሄ የናንተው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ደግሞ አርብ ማታ መምጣቱ! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ለመንገድ የሚወስደውን ጊዜ ብቻ ነው ከቁጥሩ የሚያወጣው፤ ቅዳሜና እሁድ የሚል አላገኘሁበትም። ከጣቢያው ፍርድ ቤት ድረስ በባጃጅ የስንት ደቂቃ መንገድ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አባቴ ሰኞ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ተለቀቁ። 64 ሰዓት። ዳኛ አላዩም፣ ቃል አልሰጡም፣ የፈረሙት ወረቀት የለም። "ሂድ በቃ" ነው የተባሉት። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እሁድ ማታ ነው የተቀበላችሁኝ፣ ያውም ስንት ለምኜ።

ያው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 ደግሞ ከሕግ ውጭ ሰው የሚይዝ ወይም የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል ይላል። ይሄኛው ላይ ሦስቱም ፍሬ ነገሮች የተሟሉ ይመስለኛል፤ ለዐቃቤ ሕግም ጽፌያለሁ። ወንድሜ ለነገሩ ከመተማ ተመልሷል። ራሱ በእግሩ መጥቶ ቃሉን ሰጠ፣ በዋስ ወጣ። አንድ መጥሪያ ይበቃው ነበር።

አሁን የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የዚያን አርብ የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ በአባቴ ስም ትይዩ፣ ወንጀሉ በሚጻፍበት ቦታ ምን እንደተጻፈ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። ባዶ ከሆነም "ባዶ ነው" ተብሎ ይጻፍልኝ።

ሁለተኛ፣ ሲገቡ "ፍታ" ተብለው ያስረከቡት ቀበቶ አልተመለሰም። ሰኞ ዕለት በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን፣ በሌላው ጋቢያቸውን ይዘው ነው ፒያሳን ያቋረጡት፣ የሚያውቃቸው ሁሉ እያየ። ቡናማ ነው፤ ከመጨረሻው ቀዳዳ ቀጥሎ በምስማር የተበሳ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ አለው። ካገኛችሁት ይደወልልኝ፣ ስልኬ ሦስቱም ማመልከቻዎች ላይ አለ።