ለፊት ነርቭ ሕመም ሮቦት እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሮቦት ስለሚታገዝ ቀዶ ሕክምና በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በጽሑፉ ከተነሱት ሕመሞች አንዱ የሆነውን የትራይጄሚናል ነርቭ ሕመም ከምሠራበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ስለማውቀው፣ «ሮቦት ይሻላል ወይስ በምስል የታገዘ ሕክምና?» የሚለው ንጽጽር ሕመምተኞችን እንዳያዘናጋ እሰጋለሁ።

ከአንጎል ከሚነሱት 12 ጥንድ ነርቮች አምስተኛው የሆነው ይህ ነርቭ የፊታችንን ስሜት በሦስት ቅርንጫፎች ይሸከማል። ብዙውን ጊዜ አንድ የደም ሥር የነርቩን መነሻ ሲጫነው፣ ማኘክ ወይም ፊት መታጠብ ቀርቶ ነፋስ ሽው ሲል እንኳ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ይቀሰቀሳል። ጉርሻ ፈርተው ከሰውነት የወጡ፣ ሕመሙ የጥርስ መስሏቸው ጤነኛ ጥርሳቸውን ያስነቀሉ ሰዎች ወደ እኛ ይመጣሉ።

መጀመሪያ የሚሰጠው ካርባማዜፒን የተባለው መድኃኒት ነው። እሱ ካልበቃ ወይም የሚያመጣው ራስ ማዞር ካስቸገረ፣ የራስ ቅልን ከፍቶ የደም ሥሩን ከነርቩ ማራቅ ለረጅም ጊዜ ያሳርፋል፤ ይህን ቀዶ ሕክምና ለማይችሉ፣ በተለይም ለአረጋውያን፣ በመርፌ የሚሰጠው ሕክምና አለ። መርፌው ከአፍ ጥግ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ገብቶ፣ በጉንጭ ውስጥ አልፎ፣ በራስ ቅል ወለል ላይ ያለችውን፣ የነርቩ ቅርንጫፍ የሚያልፍባትን፣ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም ሞላላ ቀዳዳ መፈለግ አለበት፤ ከአጠገቧ ደግሞ ለአንጎል ደም የሚያደርስ ትልቅ የደም ቧንቧ ያልፋል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲ-አርም በሚባለው ተንቀሳቃሽ ኤክስሬይ ወይም በሲቲ ስካን እየተመራ ይሠራል።

ሮቦቱም ቢሆን ያለ ሲቲ ምስል መሥራት አይችልም። ሐኪሙ መንገዱን በምስሉ ላይ ይቀይሳል፣ የሮቦቱ ክንድ በተቀየሰው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መርፌውን የሚገፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሐኪሙ እጅ ነው። ቀዳዳዋ ጠባብ ወይም ቅርጿ ያልተለመደ ሲሆን ደጋግሞ ከመውጋት ሊያድን ይችላልና ጥቅሙን አልክድም።

ቀዳዳዋን ማግኘት ግን የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ስዊት እና ባልደረባቸው ባሳተሙት፣ ነርቩን በኤሌክትሪክ ሞገድ በሚፈጠር ሙቀት በሚተኩሰው የሬዲዮፍሪኩዌንሲ ዘዴ፣ መርፌው ከገባ በኋላ ታካሚዋን ከቀላሉ ሰመመን እንቀሰቅሳታለን፤ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለቀቃል፣ ሐኪሙም ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ የት ጋ ተሰማዎት?» ይላል። ሕመሙ በላይኛው መንጋጋ ሆኖ ሳለ እጃቸውን ወደ አገጫቸው ካነሱ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን የመርፌው ጫፍ ቦታውን መቀየር አለበት። ነርቩ በሙቀት የሚተኮሰው መልሳቸው ከሕመሙ ቦታ ጋር ሲገጥም ነው። ሙቀቱ ወደ ዓይን የሚሄደውን ቅርንጫፍ ከነካ የዓይን ብሌን ይደነዝዛል፣ ሰውየውም ዓይኑ ሲጎዳ አይታወቀውም። ይህን ጥንቃቄ የሚያደርገው የሠለጠነ ሐኪም እንጂ የሮቦቱ ክንድ አይደለም። ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ሊመለስና ሕክምናው ሊደገም ስለሚችልም ዋጋው የሕመምተኛውን አቅም ያገናዘበ መሆን ይገባዋል።

በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ወዲህ የሠለጠኑ ሐኪሞች አሉን። ለአጥንት ስብራት የምንጠቀምበት ሲ-አርም ለዚህም ሕክምና ያገለግላል። እኔን የሚያሳስበኝ የነርቭ መተኮሻው መሣሪያና መርፌው መሟላታቸው፣ ወጣት ሐኪሞች ዘዴውን እየተለማመዱ መውጣታቸውና ካርባማዜፒን ከፋርማሲ አለመጥፋቱ ነው። ቤተሰብ ንብረቱን ሸጦ ሕመምተኛውን ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት እዚሁ የነርቭ ሐኪም እንዲያየው የሚነግረው ሰው ማግኘት አለበት። ጋዜጣችሁ በቀጣይ ዕትሙ የጥርስ ሐኪሞችን አነጋግሮ፣ ሕመሙ የጥርስ ሳይሆን የነርቭ መሆኑን በምን እንደሚለዩና ሕመምተኛውን ወዴት እንደሚልኩ እንዲያስነብበን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ ከአዲስ አበባ