ድመቷን በጆንያ ከመጣላችን በፊት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ አስቀድሼ ስመለስ በበሬሳ ወንዝ ድልድይ አጠገብ አፉ በሲባጎ የታሰረ የማዳበሪያ ጆንያ ወድቆ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀርቤ ስፈታው ሦስት ወር የሞላቸው የማይመስሉ ሁለት የድመት ግልገሎች ነበሩበት፤ አንደኛዋ በሌሊቱ ብርድ ደርቃ ሞታለች፣ ሌላይቱ ግን መውጫ እንዳገኘች ዘልላ ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ገባችና ብጠራትም አልተመለሰችም። ማን እንደ ጣላቸው አላውቅም። ለምን እንደ ተጣሉ ለመገመት ግን አልተቸገርሁም፤ ከአራት ወር በፊት በእኔም ቤት ይኸው ሐሳብ በቁም ነገር ተነሥቶ፣ ጆንያው ሳይቀር ተዘጋጅቶ ነበርና። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ግልገል ድመት አስገብተው በጥፋቷ የተማረሩ ቤተሰቦች እኛ የሞከርነውን አይተው ከጆንያው በፊት ሌላ ነገር እንዲሞክሩ ለመለመን ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ከመሐል ሜዳ የመጣች ዘመዳችን ሁለት ወር ገደማ የሆናት ቡራቡሬ ግልገል በአገልግል ይዛልን መጣች። ያስመጣናትም አይጥ ጓዳችንን ስላስመረረን ነው፤ የገብሱና የባቄላው ጆንያ እየተቀደደ ከምንበላው የሚደፋው በዝቶ ነበር። ልጆቹ ሚጡ ብለው ሰየሟት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ከአይጦቹ ይልቅ ያስመረረችን እርሷ ሆነች። እናቴ በማሰሮ የተከለችውን ጤና አዳም ሥሩን እየቆፈረች ዐይነ ምድሯን ትቀብርበታለች፤ የገብሱ ጆንያ አፉ ሳይታሰር ባደረ ቁጥር እህሉ ላይ ሸንታ እናገኛለን፤ አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ በገበታው ላይ በተሰጣው የበሶ ዱቄት ላይ ተንከባልላ ነጭ ዱካዋን ከጓዳ እስከ አልጋችን ድረስ ትታው ጠበቀችን። ከመንዝ የመጣውን፣ እናቴ ለሙሽርነቷ የተሰጣትን ባና በጥፍሯ እየሳበች ክሩን ስታወጣው ግን የሁላችንም ትዕግሥት አለቀ። አንዲት ጎረቤታችን፣ እንደ እናት የምናያቸው ሴት ናቸው፣ «ልጄ፣ ይህችን ቀበጥ በጆንያ አድርገህ ከወንዝ ማዶ ጥለሃት ዕረፍ» አሉኝ፤ ባለቤቴም ተስማማች፤ ጆንያው ተፈልጎ ከበሩ ኋላ ተቀመጠ። ያስቆመችን እናቴ ናት። ባናው የተበላሸው የእርሷ ሆኖ ሳለ፣ «መጸዳጃ የት አበጅተህላት ነው ጥፋተኛ የምትላት?» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ የእናቴ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ስለሆንን የድመት ነገር ሲነሣ ይህ ተረት ቀድሞ ወደ አፋችን ይመጣል። ተረቱ የተነገረው ግን ለግብዝ ሰው ነው፤ አንዲት የሁለት ወር ግልገል ልትታረም አትችልም ለማለት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ተገቢ አይመስለኝም። የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ ከሚኖረው የዱር ድመት ሲሆን፣ ሰው አርሶ እህል ማከማቸት በጀመረ ጊዜ አይጥ እህሉን፣ ድመትም አይጡን ተከትላ ወደ ሰው መንደር ገብታለች፤ በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ የተቀበረ የ9,500 ዓመት ገደማ የድመት ዐፅም መገኘቱም ይህ ጉርብትና ምን ያህል የቆየ እንደ ሆነ ያሳያል። ልል የሆነ ደረቅ አፈር ፈልጎ መቆፈርና ዐይነ ምድርን መቅበር ከዚያ ከዱር የመጣ ተፈጥሮዋ ነው። የቤታችን ወለል ሲሚንቶና ምንጣፍ ስለሆነ ከእናቴ ጤና አዳም ማሰሮና ከገብሱ ጆንያ በቀር የሚቆፈር ነገር አልነበረም። ሚጡ ለዚሁ የሚሆነውን ብቸኛ ቦታ መርጣለች ማለት ነው።

የሠራንላት መጸዳጃ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው፤ ግልገል በቀላሉ እንድትገባበት ጠርዙን በአንድ ጎን ዝቅ አድርጌ ቆረጥሁት። መጀመሪያ የሞላሁት በየቤታችን የማይጠፋውን የምድጃ አመድ ነበር። ይህ ስሕተት እንደ ሆነ የተረዳሁት አመዱ ሽንት ሲነካው እየቦካ ከመዳፏ ጋር ተጣብቆ፣ እርሷም ስትልሰው አፏ ሲያረፋ ባየሁ ጊዜ ነው፤ እርጥብ አመድ ድሮ ሳሙና የሚሠራበት ኃይለኛ ነገር መሆኑን እያወቅሁ አለማሰቤ ይጸጽተኛል። ቀጥሎ ከአናጢ ቤት ያገኘሁትን ሰጋቱራ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ አራት ጣት ያህል ሞላሁበት፤ ይህ ተስማማት። ሁለተኛው ስሕተቴ ሳፋውን ለማጽዳት ይቀለናል ብዬ ከምግብ ሳሕኗ አጠገብ ማስቀመጤ ነው፤ ድመት በምትበላበት አጠገብ መጸዳዳት ስለማትወድ ለሁለት ቀን ሳትገባበት ቀረች። ሰው ወደማይበዛበት የመተላለፊያው ጥግ ስናዛውረውና ከበላችና ከእንቅልፏ ከነቃች በኋላ ወዲያውኑ እያነሣን ስናስገባት ግን በአምስተኛው ቀን ራሷ ሄዳ መጠቀም ጀመረች። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጄ በየማለዳው ቆሻሻውን አንሥቶ ይደፋል፤ በየሳምንቱም ሳፋው በሙሉ ይታጠባል። ያልጸዳ ሳፋ ውስጥ አትገባም፤ እኛ ስንሰንፍ ጥፋቱ ወደ ምንጣፉ ይመለሳል፤ ይህንም በገና ሰሞን እንግዳ በዝቶብን በዘነጋን ጊዜ አይተነዋል።

ቀደም ሲል የሸናችበትን ቦታ በረኪና እያፈሰስን ስናጥብ እንደገና እዚያው ትመለስ ነበር። ሽታው ካልጠፋ ድመት ቦታውን እንደ መጸዳጃዋ ትቆጥረዋለች፤ በረኪና ደግሞ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ዐይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ስለሚፈጥር በተዘጋ ቤት ውስጥ ለሕፃናትም አደገኛ ነው። በሳሙና አጥቦ፣ በውኃ በቀጠነ አቼቶ አብሶ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ማዋል ነው የጠቀመን። አፍንጫዋን በቆሻሻው ላይ መድፈቅና መምታት ግን ምንም አላስተማራትም፤ እኔም በመጀመሪያው ሳምንት አድርጌዋለሁ፤ ውጤቱ እኔን ስታይ አልጋ ሥር መደበቅና እዚያው መሽናት ብቻ ነበር።

ግማሹ ቆሻሻ ከምግቧ የመጣ እንደ ነበር ዘግይተን ነው ያወቅነው። ግልገል ናት በማለት የላም ወተት በብዛት እንሰጣት ነበር፤ ጡት የጣሉ ብዙ ድመቶች ግን ወተቱን መፍጨት ስለማይችሉ ያስቀምጣቸዋል። ወተቱን ተውነውና ንጹሕ ውኃ ብቻ ስናስቀምጥላት በሦስት ቀን ውስጥ ሆዷ ረጋ። እንጀራውን በወጥ አርሶ መስጠትም በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የድመትን የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ለልጅ ራስ ምታት የምንሰጠው ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ እንኳ ድመትን ሊገድል እንደሚችልም በዚሁ አጋጣሚ ብናስታውስ መልካም ነው። ከሁሉ በላይ ግን በጾም ወራት የሚሆነውን ላንሣ። በነቢያት ጾም ቤታችን ሥጋ ስላልገባ ሚጡ ሽሮ ብቻ ስትበላ ሰነበተች፤ ከሳች፣ ጠጕሯ ደበዘዘ፣ ማታ ማታም የጎረቤት ጓዳ እየገባች ትሰርቅ ጀመር። የድመት ሰውነት ከሥጋ ብቻ የሚያገኘው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ይህ ለረጅም ጊዜ ከጎደላት ልቧ ይደክማል፣ ዐይኗም ሊጠፋ ይችላል። ጾም ለሰው የተሰጠ ሥርዓት ነውና እንስሳይቱን ከእኛ ጋር ማስጾም አይገባንም። አሁን 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ስለ ገባ፣ እኛ በፍስክ ጊዜ ከሉካንዳ ገዝተን ቀቅለን ያደረቅነውን የሳምባ ቁርጥራጭ በልዩ ዕቃ አስቀምጠንላታል፤ የቤታችንም ማዕድ አልተነካ፣ የጎረቤትም ጓዳ ዐረፈ።

ስለ ጨዋታዋ አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ጥጥ ትፈትላለች፤ እንዝርቱ ሲሽከረከር ሚጡ መጀመሪያ ሆዷን ከመሬት አጣብቃ ታደባለች፣ ቂጧን ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች፣ ከዚያም ዘልላ ልቃቂቱን ይዛ ትሮጣለች። አንድ ቀን ክሩን በአራቱም የወንበር እግሮች ላይ ጠምጥማ ጫፉን ስትውጥ ደረስሁባት። አንድ ክንድ የሚሆነውን ከውጭ የቀረውን ይዤ ልስብ ስል የእንስሳት ሐኪም የሆነ ጓደኛዬ በስልክ ከለከለኝ፤ ክሩ አንጀት ውስጥ ከተያዘ በኋላ ሲሳብ አንጀቱን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል አለኝ። እንዳለው ሳንነካው ወስደናት በሐኪም እጅ ወጣላት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ፈትሏን ስትጨርስ እንዝርቱንና ልቃቂቱን በሙዳይ ትከድናለች፤ ሚጡም በወረቀት ኳስና በጨርቅ በተሠራ አይጥ ትጫወታለች። የሕፃን ጣት የጨዋታ ዕቃዋ እንዲሆን አንፈቅድም፤ በግልገልነቷ እጅ መንከስ የለመደች ድመት ስታድግም አትተወውምና። ማታ ከመተኛታችን በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ካጫወትናትና ካበላናት በኋላ ሌሊቱን በሰላም ታድራለች።

ባናውን ያዳነው አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ድመት ጥፍሯን የምትጭረው አሮጌውን ልባስ ለማራገፍ፣ ጅማቷን ለመዘርጋትና ሽታዋን ለመተው ስለሆነ ከቶ አታቆምም። ተንጠራርታ ከምትደርስበት በላይ ቁመት ያለውን ግንድ በቃጫ ገመድ ጥቅጥቅ አድርጌ ጠምጥሜ ከመኝታዋ አጠገብ አቆምሁላት፤ ከእንቅልፏ ስትነሣ የምትጭረው እርሱን ሆነ።

ስለ ጤና የሚነሣውንም ስጋት አልሸሽግም። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ድመት መኖር የለባትም ሲባል እሰማለሁ። የሚያሰጋው ቶክሶፕላዝሞሲስ የተባለው በሽታ ነው፤ ተውሳኩ ከድመት ዐይነ ምድር ጋር ቢወጣም ወደ ሰው ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ሳፋው በየቀኑ ከጸዳ፣ ነፍሰ ጡሯም ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ከተወች ስጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይኸው በሽታ በጥሬ ሥጋም እንደሚተላለፍ ግን ድመቷን የሚከስሱ ሰዎች ሲያነሡት አልሰማሁም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ለድመትም ይሰጣል፤ በሦስት ወሯ ይጀመራል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ያልተከተበች ድመት ከነከሰች ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በወራጅ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮዎቻችን ባሉበት በዚህ በሰሜን ሸዋ ጉዳዩ የቤት ብቻ አይደለም፤ በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ ብዙዎቹን ጨርሷል።

ስለዚህ በከተማችንና በየወረዳው ያሉ የእንስሳት ጤና ተቋማት ለውሻ የክትባት ቀን በሚወስኑበት ጊዜ ድመትም እንድትመጣ በግልጽ እንዲያሳውቁ፣ ሴት ድመት ከአራትና ከአምስት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ስለምትችልም የማምከን አገልግሎት የሚገኝበትን ቦታ እንዲነግሩን እጠይቃለሁ፤ በየወንዙ ዳር የሚጣሉት ግልገሎች መብዛት የሚጀምረው ከዚህ ነውና። በየገበያው የአይጥ መርዝ የሚሸጡትም ሰዎች የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትሞት እንደምትችል ለገዢው ቢነግሩ ትልቅ ውለታ ነው።

ከበሬሳ ድልድይ በታች ከቁጥቋጦው ውስጥ የገባችው ግልገል ግራጫ ናት፤ ደረቷ ላይ ነጭ ምልክት አለባት። ማታ ማታ ሳምባ እያስቀመጥሁ ፈልጌ አላገኘኋትም። በዚያ አካባቢ የምትኖሩ አንባቢዎች ብታዩአት እባካችሁ አስጠጓት፤ አንድ ሳፋ አሸዋ ከተዘጋጀላት ትማራለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፤ ከደብረ ብርሃን