ዘንድሮ ዳቦው በኮባ ተጋገረ

ሐዋሳ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ባለቤትሽና ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? ፍራንክፈርት ብርዱ በርትቶባችሁ ይሆን? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ትንሽ ከዳት እንጂ ትዕዛዟ እንደ ድሮው ነው።

እናትሽ እትዬ ካረፉ ወዲህ አንቺም ዝም አልሽ፣ እኔም ዝም አልኩ። ከማን እንደጀመረ አናንሳው። ሐዘን ሰውን ዝም ያሰኛል። ገና በመጣ ቁጥር ግን እናትሽን ሳላስብ፣ አንቺን ሳልናፍቅ አልፌ አላውቅም። ዘንድሮ ደግሞ ባሰብኝ። ስለዚህ ቤታችን ገናን እንዴት እንደዋለ ልንገርሽ።

ታስታውሻለሽ፣ እኛ ሰፈር ገና የሚጀምረው ታኅሣሥ 19 ነው። ለገብርኤል ከአዲስ አበባ፣ ከዲላ፣ ከየት ከየቱ የሚመጣው እንግዳ ሳሎኑን ሞልቶ ያድር ነበር። ፍራሽ ከእናንተ ቤት፣ ብርድ ልብስ ከእኛ። ዘንድሮም ቤርጎ ጠፍቶ ከተማው በሰው ተጨናንቆ ነበር። የአክስቴ ልጆች እኛው ጋ አደሩ። እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ጠላው ይጠመቃል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ መጋረጃው ይታጠባል። ዓሣ በነቢያት ጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክርም አልቀረም። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ክርክሩ እንዴት ይቅር? እማዬ ግን አሁንም «እኔ ቤት አይገባም» ብላለች፤ አልገባም።

ዘንድሮ ገና ረቡዕ ነበር የዋለው። ትንሿ ልጄ «ረቡዕ እኮ ጾም ነው፣ እንዴት ዶሮ እንበላለን?» ብላ ጠየቀች። እማዬ በደስታ ከአልጋዋ ተነስታ ተቀመጠች። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉም እንደሚበላባቸው፣ ዋዜማቸው ገሃድ የሚጾመውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ነገረቻት። ልጅቷ በዚህ አላበቃችም። «ታዲያ በ2016 ለምን ታኅሣሥ 28 አከበርን?» አለች። ያኔ ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለፈችው ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች በዓሉ በአንድ ቀን ቀደመ። ይህንንም እማዬ በጣቷ እየቆጠረች አስረዳቻት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንደዚህ አጥርቼ የሰማሁት ገና ያኔ ነው። ልጆች ጥያቄ ካላነሱ አዋቂው ስንቱን ይዞት ይቀራል!

ስለ ዛፉ ልንገርሽ። ባለቤቴ ከገበያ የፕላስቲክ ዛፍ ገዝቶ መጣ፤ መብራቱ ይብለጨለጫል፣ ኳሱ ብዙ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሲያየው «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን አባዬ የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጦ አሸዋ በሞላው የወተት ቆርቆሮ ላይ ሲያቆመው ነው ትዝ ያለኝ። አንቺና እኔ ጥጥ እየበጣጠስን በረዶ ነው እያልን እንለጥፍበት ነበር። በረዶ ምን እንደሚመስል የት አየንና! ፖስት ካርዱንም በእጃችን እየሠራን በየቤቱ እናድል ነበር። ልጆቼ አዲስ የሚሉት ነገር ለእኛ የልጅነታችን ነው። ስለዚህ ዛፉ ገባ። ጥጡን ግን ልጆቹ ራሳቸው ለጠፉ፣ ካርዱንም ራሳቸው ሠሩ። በቴሌግራም የሚላከውን የመልካም ምኞት ምስል አልከለከልኩም። ነገር ግን ለጎረቤት የሚሰጠው በእጅ የተሠራው ነው አልኳቸው።

እኔን የሚያስፈራኝ ልጆቹ ተቀምጠው የሚያዩት በዓል ነው። አሁን ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ቁሌቱም በስሎ ይሸጣል። ዶሮው ታርዶ፣ ብልቱ ወጥቶ ይመጣል። ኬኩ በስልክ ይታዘዛል። ሥራ ውላ ለምትገባ ሴት ትልቅ እፎይታ ነው፤ በሚገዛ ሰው አልፈርድም። ግን እኔ ዶሮ መገነጣጠል የተማርኩት እናትሽ ጓዳ ውስጥ ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት አንድ በአንድ ስም እየጠሩ ያሳዩን ነበር፤ በሎሚና በጨው ደጋግመን ስናጥብ እጃችን ይቃጠል ነበር። ያን ጊዜ የሰማነው ወሬ፣ የሳቅነው ሳቅ ከየት ይገዛል?

ስለዚህ ዘንድሮ ሥራውን አከፋፈልኩት። እማዬ ዱካ ላይ ተቀምጣ አዘዘች። ባለቤቴና ትልቁ ልጄ ሽንኩርት ላጡ፤ አዎ፣ ወንዶቹ! ድሮ ወንድ ጓዳ ሲገባ እትዬ በማማሰያ ያባርሩ እንደነበር አውቃለሁ። ይህ ይቀየር ዘንድ እኔ ራሴ የፈለግኩት ነው። ሴቶቹ ብቻ ሲለፉ አድረው ቅዳሴ ላይ የሚያንቀላፉበት ገና ለማንም አይበጅም። ወጡ ቀደም ብሎ ስለደረሰ ነጠላችንን ለብሰን፣ ጧፋችንን ይዘን ሁላችንም ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አደርን። ለብዙ ዓመት እንደዚያ አብረን ቆመን አናውቅም።

ፈረሰኛው የአባወራው ነው፣ አይደል? አባዬ ካረፈ በኋላ ማን ይብላው ተብሎ ነበር። ወንድሜ «ለእኔ» አለ፣ ባለቤቴ ዝም አለ። ትልቁ ልጄ አንስቶ ለእማዬ አጎረሳት። ከዚያ ወዲህ ፈረሰኛው የእሷ ነው። እንባዋ ይመጣል፣ ግን ትበላዋለች።

አሁን ወደ ዳቦው ልምጣ። ድፎ ዳቦ ከእናንተ ቤት ይመጣ ስለነበር እኛ ጋግረን አናውቅም ነበር። እትዬ ካረፉ በኋላ ከዳቦ ቤት እየገዛን ከረምን። ዘንድሮ ግን እኔ ላብኩት፣ እኔ ጋገርኩት። ኮባውን ልጆቹ ከጎረቤታችን እንሰት ቆርጠው አመጡ። እኚያን የሲዳማ እናት ታውቂያቸዋለሽ፣ ከግንቡ ወዲያ ያሉትን። የወንጌላውያን አማኝ ናቸው፣ ጾሙን አይጾሙም። ቀኑን ግን እሳቸውም ከእኛ ጋር ነው የሚያከብሩት። ከዳቦው ቆርሰን ብንልክላቸው በቅቤ የራሰ የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜ፣ መለሱልን። እማዬ ደጋግማ ወሰደች።

ዳቦውን አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ትልቁ ልጄ ቆረሰው። መልኩ ያምራል፣ ገጹም አልተሰነጠቀም። ሽታው ግን የእናትሽ አይደለም። እማዬም ቀምሳ «የእሷ እጅ ጠፋ» አለች፤ ማንን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ልጆቹን ሰብስቦ ወደ ታቦር ተራራ ግርጌ ወጣ። ቆልመም ያለ ዱላ አስቆርጦ፣ ሩር አሠርቶ ገናን አጫወታቸው። በእኛ መንገድ ላይማ ኮብልስቶንና ባጃጅ ነው፣ አይሞከርም። የእኔዋ ትንሿ ሴት ናት ተብላ ልትቀር ስትል «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብላ ገባች። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኩም፤ ከእማዬ በቀር ማን ይሆናል?

እንግዲህ ልመናዬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በሚመጣው ዓመት ገና ሐሙስ ነው የሚውለው። በእናንተ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 መሆኑ ነው። ፈቃድሽን ከአሁኑ ጠይቂና ልጆችሽን ይዘሽ ነይ። ለገብርኤል ብትደርሺ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ፍራሹ ከእኛ ቤት ይሆናል።

ሁለተኛው፣ የእናትሽን ዳቦ አሠራር የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ለአምስት ኪሎ ዱቄት እርሾው ምን ያህል ነበር? ጥቁር አዝሙድ ብቻ ነው ወይስ ድንብላልም ይገባበታል? ከላይ ያለውን እሳት መቼ ነበር የሚያነሱት? የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊልኝ። ቶሎ መልሺ፤ እማዬ የልጅሽን ልደት ቀን እየጠየቀች አስቸግራኛለች፣ እሱንም አትርሺ።

ናፋቂ ጓደኛሽ