ስለ ጨው ሊጥ መሥሪያ ጥቅላችሁ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የመመሪያ ስህተት፣ የይዘት ጉድለትና አሳሳች ጽሑፍ ስላለበት ጥቅል

ከድርጅታችሁ በገዛሁት የጨው ሊጥ (ከዱቄት፣ ከጨውና ከውሃ ተለውሶ ቅርጻ ቅርጽ የሚሠራበት ሊጥ) መሥሪያና ማቅለሚያ ጥቅል ከልጆቼ ጋር የሠራናቸው ምስሎች ገሚሶቹ ምድጃ ውስጥ ተነፍተው ቅርጻቸው ጠፍቷል፤ የተረፉትም ሳይሰነብቱ ቀለማቸው መላጥ ጀምሯል። መመሪያችሁን ቃል በቃል ተከትለናል፤ ጉድለቱ ያለውም በመመሪያውና በጥቅሉ ይዘት ነው።

በከረጢቱ የታሸገው ዱቄት ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት መሆኑ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እንዲህ ያለው ዱቄት ሙቀት ሲያገኘው ጋዝ ፈጥሮ ሊጡን ስለሚያስነሳ፣ በጥንቃቄ የተቀረጸ አፍንጫም ሆነ ጣት ተነፍቶ ይጠፋል። ለዚህ ሥራ የሚበጀው ሁለት እጅ ተራ የስንዴ ዱቄት ከአንድ እጅ ደቃቅ ጨው ጋር ቀላቅሎ፣ አንድ እጅ ያህል ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ እስኪለሰልስ ማሸት ነው።

ከዚህ የባሰው የምድጃው ሙቀት ነው። መመሪያችሁ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለግማሽ ሰዓት መጋገር በቂ ነው ይላል። የጨው ሊጥ ግን እንደ ዳቦ እንዲበስል አይፈለግም፤ የሚፈለገው በውስጡ ያለው እርጥበት ቀስ ብሎ እንዲወጣ ብቻ ስለሆነ፣ 100 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቀት፣ አልፎ አልፎ እየተገላበጠ፣ እንደ ውፍረቱ ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ከዚያም ለበለጡ ሰዓታት መቆየት አለበት። በእናንተ ሙቀት ግን ውጪው ቶሎ ጠንክሮ ሲጠቁር ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል፤ መውጫ ያጣው እንፋሎትም ምስሉን ይሰነጥቀዋል። ስለ ውፍረት አንድም ቃል አለመጻፉ በተለይ አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም ስስ ኮከብና ድቡልቡል እንስሳ በእኩል ጊዜ ሊደርቁ አይችሉም።

ቀለሞቹ «አክሪሊክ» ተብለው ቢሸጡም፣ ከደረቁ በኋላ በእርጥብ ጣት ሲነኩ ይለቃሉ፤ እውነተኛ አክሪሊክ አንዴ ከደረቀ በውሃ አይሟሟም። ቫርኒሽ ደግሞ ከነጭራሹ በጥቅሉ ውስጥ የለም፤ በማሸጊያው ሥዕል ላይ የሚታዩት ምስሎች ግን ያብረቀርቃሉ። ጨው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ በሚገባ ከደረቀ በኋላ በሁሉም በኩል ቫርኒሽ ያልተቀባ ምስል ውሎ አድሮ መለስለሱ አይቀርም።

ከሁሉ በላይ የምቃወመው በማሸጊያው ላይ የሰፈረውን «ከምግብ ነገር የተሠራ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚል ጽሑፍ ነው። ሊጡ እጅግ ብዙ ጨው አለበት። ውሻ ጥሬውንም ሆነ የደረቀውን ቢበላ በደሙ ያለው የሶዲየም (በጨው ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር) መጠን ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ለማስታወክ፣ ለመንቀጥቀጥና ለሞት ሊዳርገው ይችላል፤ ለሕፃናትም ቢሆን የሚበላ ነገር አይደለም። ይህን ጽሑፍ ያመነ ቤተሰብ ሊጡን ወለል ላይ ትቶት ቢሄድ ጥፋተኛው ማን ሊሆን ነው?

ስለዚህ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ፣ ዱቄቱና መመሪያው እንዲስተካከሉ፣ ቀለሙ በትክክለኛ ስሙ እንዲሸጥ፣ እንዲሁም በማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ተነስቶ በምትኩ ግልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ማስጠንቀቂያው ጥቅሉን አስቀድመው ለገዙ ደንበኞችም በአስቸኳይ እንዲደርስ አሳስባለሁ። የወሰናችሁትን በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ